32 ፓውንድ አምልጦኝ 386 ተጠየቅኩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ለንደን ነው የምኖረው። በኬር ሥራ ላይ ነኝ፤ ሥራው ዜሮ አወር ነው፤ የተወሰነ ሰዓት ዋስትና የለውም። ጃንዋሪ ላይ በወር 32 ፓውንድ የአንድ ዓመት ኮንትራት ፈርሜ ጂም ገባሁ። እስከ ኤፕሪል በዳይሬክት ዴቢት፣ ማለትም ከባንክ በራሱ በሚቆረጥ ክፍያ፣ በሰዓቱ ከፍያለሁ። ሜይ ላይ ሺፍት ቀነሱብኝ። አካውንቴ ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ ክፍያው ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ሞከሩ፤ ያም ተመለሰ። ለእያንዳንዱ 25 ፓውንድ ቅጣት ጨመሩ። ጁን ላይ ምንም ሳይነግሩኝ 114 ፓውንድ በአንዴ ሊወስዱ ሞከሩ። ደንግጬ ዳይሬክት ዴቢቱን ከባንኩ አፕ ላይ ሰረዝኩት። ወዲያው የመግቢያ ካርዴን ዘጉት። አሁን ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት በ7 ቀን ውስጥ 386 ፓውንድ ካልከፈልሽ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፣ ክሬዲትሽም (የብድርና የክፍያ ታሪክሽ) ይበላሻል የሚል ደብዳቤ ልኮልኛል። ዜግነት ላመለክት እየተዘጋጀሁ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ዛሬ 386 ፓውንድ እንዳትከፍዪ። ደብዳቤውንም መሳቢያ ውስጥ እንዳትወረውሪው። ከከፈልሽ የማይገባቸውን ገንዘብ ትሰጫለሽ። ዝም ካልሽ ደግሞ አንድ ቀን ሳታውቂው ፍርድ ይወጣብሻል። በምክር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰዎች ሲጎዱ ያየሁት በእነዚህ በሁለቱ ነው።

መጀመሪያ 386ቱን እንበትነው። አንድ ዕዳ ይመስላል እንጂ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሜይና የጁን ወርሃዊ ክፍያ 64 ፓውንድ ነው። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ያለው የስድስት ወር 192 ይሆናል። ሁለቱ ቅጣቶች 50 ናቸው። ድምሩ 306። የቀረው 80 ፓውንድ ዕዳ ሰብሳቢው የራሴ ወጪ ብሎ የጨመረው ነው። ደብዳቤው ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ያቀረበልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው አንድ ትልቅ ቁጥር ሲያይ ወይ ይከፍላል ወይ ይሸሻል። አራቱን ለየብቻ ስታያቸው ግን የእያንዳንዱ መልስ የተለያየ ነው።

64ቱ ፓውንድ ዕዳሽ ነው። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሜይን ሳትከፍዪ ቀርተሻል። ጁን ላይም ካርድሽ እስኪዘጋ ድረስ መግባት ትችዪ ነበር። ከካርዱ መዘጋት በኋላ ባሉት የጁን ቀናት ላይ መከራከር ይቻላል፤ ግን ለጥቂት ፓውንድ ብለሽ ዋናውን ጉዳይ አታወሳስቢው። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገርም አለ። ዳይሬክት ዴቢት መሰረዝ ኮንትራት ማቋረጥ አይደለም። ባንኩ ገንዘቡ እንዳይወጣ ያግድልሻል እንጂ ከጂሙ ጋር የገባሽው ውል እንዳለ ነው። ውሉ እንዲያበቃ ከፈለግሽ ለጂሙ በጽሑፍ መንገር አለብሽ። እስካሁን ካልነገርሽ ዛሬውኑ ኢሜይል ላኪ።

አሁን ወደ 192ቱ እንምጣ። የክርክሩ እምብርት ይህ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ልክ እንዲህ ዓይነት ነገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። አሽቦርን ማኔጅመንት ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት ለጂሞች ኮንትራት ያዘጋጅ፣ ክፍያም ይሰበስብ ነበር። የዚያን ጊዜው የሸማቾች ጉዳይ ተቆጣጣሪ ኦኤፍቲ ከሰሰው። በ2011 ጉዳዩን ያዩት የሃይ ኮርቱ ዳኛ ኪችን ነበሩ። ዳኛው ስለ ሰው ባህርይ የታዘቡት ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሰው ጂም ሲመዘገብ ምን ያህል እንደሚመላለስ አብዝቶ ይገምታል አሉ። በመሐል ሥራ ሊቀየር፣ ሕመም ሊመጣ እንደሚችል አያስብም። ረጅም ኮንትራት የሚያስፈርመው ንግድ ደግሞ በዚህ የዋህነት ላይ ቆሞ ያተርፋል። በዚያ ውሳኔ መሠረት ፊታቸው በቀረቡት ኮንትራቶች ውስጥ ሰውን ከ12 ወር በላይ የሚያስሩት ፍትሐዊ አይደሉም ተባለ። ክፍያ ያጓደለን ሰው የቀሩትን ወራት ሙሉ ሒሳብ ያለ ምንም ቅናሽ በአንዴ አምጣ የሚለው አንቀጽም እንደዚሁ። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለማስከፈል ክሬዲትህን እናበላሻለን ብሎ ማስፈራራትም ተገቢ ያልሆነ የንግድ አሠራር ነው ተባለ።

የአንቺ ኮንትራት የ12 ወር ነው። ስለዚህ ርዝመቱ ብቻውን ነፃ አያወጣሽም። ነገር ግን የስድስት ወሩን ገና ጊዜው ሳይደርስ በአንዴ መጠየቃቸው፣ በዚያ ላይ ካርድሽን ዘግተው መጠየቃቸው ሌላ ነገር ነው። እስቲ አስቢው፤ በሩን ዘግተውብሻል፣ ምንም አገልግሎት አይሰጡሽም፣ ገንዘቡን ግን በየወሩ ከሚያገኙት ቀድመው በእጃቸው ማድረግ ይፈልጋሉ። ሕጉ የሚፈቅድላቸው በእርግጥ የደረሰባቸውን ኪሳራ መጠየቅ ነው። መቅጣት አይፈቅድላቸውም።

ዛሬ የምትይዢው ሕግ ኮንሱመር ራይትስ አክት 2015፣ ማለትም የሸማቾች መብት ሕግ፣ ይባላል። አንቀጽ 62 ፍትሐዊ ያልሆነ የኮንትራት ቃል ሸማቹን አያስርም ይላል። ብትፈርሚበትም አያስርሽም። «ፈርመሻል እኮ» ለሚሉሽ መልሱ ይሄ ነው። ከሕጉ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ሠንጠረዥ፣ ማለትም ስኬጁል 2፣ ፍትሐዊ ላይሆኑ የሚችሉ ቃላትን ይዘረዝራል። ስድስተኛ ተራ ላይ ግዴታውን ያልተወጣን ሸማች ከመጠን ያለፈ ካሣ የሚያስከፍል ቃል ተጠቅሷል። አንቀጽ 69 ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ካለው ለሸማቹ የሚጠቅመው ይወሰዳል ይላል። እኔ በጣም የምወደው ግን አንቀጽ 71ን ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ዳኛው በቂ መረጃ ፊቱ እስካለ ድረስ የቃሉን ፍትሐዊነት ራሱ መመርመር አለበት፤ አንቺ ባታነሺውም እንኳ። ጠበቃ መያዝ ለማይችል፣ እንግሊዝኛውም እንደ ልቡ ለማይሆንለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከ192ቱ ምንም አልከፍልም ማለት ትችያለሽ ወይ? እዚህ ላይ ቁጥብ ነኝ። የ12 ወር ውል በግልጽ ተነግሮሽ፣ በምላሹም የወር ዋጋ ተቀንሶልሽ ከሆነ ዳኛ የተወሰነ ኪሳራ ሊፈቅድላቸው ይችላል። ስለዚህ የኮንትራቱን ቅጂ አግኚ። «ማቋረጥ» የሚለውን ክፍል፣ «ክፍያ ሲጓደል» የሚለውን፣ «የሁኔታ ለውጥ» የሚለውን ፈልጊ። በ2013 ኦኤፍቲ ትልልቅ የጂም ድርጅቶችን አነጋግሮ፣ ሥራ ያጣ ወይም የተጎዳ ሰው ቀደም ብሎ መውጣት እንዲችል ቃል አስገብቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጂሞች እንዲህ ያለ አንቀጽ አላቸው። የአንቺ ሺፍት መቀነስ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከሜይ በፊትና በኋላ ያሉትን የደሞዝ ወረቀቶችሽን አውጥተሽ አስቀምጪ።

ወደ 50ው ስንመጣ፣ አንድ ወር አልፎሽ ሁለት ቅጣት መጣሉ ዓይን ያወጣ ነው። ሁለቴ የሞከሩት ያንኑ 32 ፓውንድ ነው። ሁለተኛውን 25 በፍጹም አትቀበዪ። የመጀመሪያውን ደግሞ ጠይቂበት። ኮንትራቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል? ክፍያው ሲመለስ ጂሙ በእርግጥ ምን ያህል አወጣ? ጠንቃቃ መሆን ያለብሽ ግን የትልቁ ፍርድ ቤት ውሳኔ ስላለ ነው። በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ የ85 ፓውንድ ክፍያን አጽድቋል። ምልክቱ ጎልቶ ይታይ ነበር፣ ድርጅቱም ያን ያህል የሚጠይቅበት በቂ ምክንያት ነበረው ተብሎ ነው። የጂሙ ሰዎች ይህን ሊጠቅሱብሽ ይችላሉ። ለአንዷ 25 ብለሽ ሁሉን ነገር አትሰብሪ፤ መደራደሪያ አድርጊያት።

80ውን በተመለከተ ጥያቄው አጭር ነው። ከዕዳ ሰብሳቢው ጋር ምንም ውል የለሽም። የእነሱ ወጪ አንቺ ላይ የሚወድቀው በየትኛው የኮንትራት ቃል ነው? ቃሉን ያሳዩሽ። ካሳዩሽም በኋላ ያ ቃል ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ገና ይቀራል።

ስለ 114ቱም አንድ ነገር ልበል። የዳይሬክት ዴቢት ደንብ አለ። መጠኑ ወይም ቀኑ ሲቀየር አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ከ10 የሥራ ቀን በፊት። በስህተት ከወሰዱ ባንክሽ ገንዘቡን በሙሉ ወዲያው ይመልስልሻል። አንቺ ዘንድ ሙከራው ስለከሸፈ የሚመለስ ገንዘብ የለም። ቢሆንም ሳያሳውቁ 32ን ወደ 114 ማሳደጋቸውን ደብዳቤሽ ላይ አስፍሪው። ዳይሬክት ዴቢቱን ለምን እንደሰረዝሽ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን ምን ትጽፊያለሽ? በስልክ አትከራከሪ። ሲደውሉ «በጽሑፍ ብቻ ነው የምነጋገረው» በዪና ዝጊ። ከዚያ ለዕዳ ሰብሳቢው ኢሜይል ላኪ፤ ግልባጩን ለጂሙ አድርጊ። በእንግሊዝኛ ይሁን፣ አጭር ይሁን። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦

«የ386 ፓውንድ ጥያቄያችሁን አልቀበልም፤ ዕዳው አከራካሪ ነው። የሜይና የጁን ክፍያ 64 ፓውንድ መሆኑን እቀበላለሁ። የቀረው የስድስት ወር ክፍያ ካርዴ ተዘግቶ ሳለ በአንዴ መጠየቁ በኮንሱመር ራይትስ አክት 2015 መሠረት ፍትሐዊ አይደለም። ሁለቱን ቅጣቶችና የእናንተን ወጪ አልቀበልም። የሚከተሉትን ላኩልኝ፦ የፈረምኩትን ኮንትራት ቅጂ፣ የሒሳቡን ዝርዝር፣ ቅጣቱና ወጪው የተመሠረተበትን የኮንትራት ቃል። ዕዳውን ገዝታችሁታል ወይስ ለጂሙ እየሰበሰባችሁ ነው? ጉዳዩ እስኪፈታ ክሬዲት ፋይሌ ላይ ምንም እንዳታስመዘግቡ እጠይቃለሁ።»

«አከራካሪ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ «ዲስፒዩትድ» ብለሽ በግልጽ ጻፊው። ዕዳው አከራካሪ መሆኑን በጽሑፍ ካወቁ በኋላ ዝም ብለው ማስፈራራቱን ቢቀጥሉ በእነሱ ላይ ማስረጃ ይሆንልሻል፤ ለአንቺ ይጠቅማል።

ገዝታችሁታል ወይ የሚለውን ጥያቄ እንዳትዘልዪው። 64ቱን ለማን እንደምትከፍዪ የሚወስነው እሱ ነው። አሁንም የጂሙ ከሆነ ለጂሙ ክፈዪ፤ ማስታወሻው ላይ «የሜይና የጁን ክፍያ» ብለሽ ጻፊ። በአንዴ ካልሆነልሽ በሁለት ከፍለሽ እንደምትከፍዪ ንገሪያቸው። ለቀረው እኔ ብሆን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሒሳብ 32 ፓውንድ አቀርባለሁ፤ ሁሉንም ለመዝጋት። በድምሩ 96 ይሆናል። ይህንን «ፉል ኤንድ ፋይናል ሴትልመንት» ይሉታል። የመጨረሻዋን 32 የምትከፍዪው ግን ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ክሬዲት ፋይል ላይም አይመዘገብም የሚል ጽሑፍ ከእነሱ ከደረሰሽ በኋላ ነው። በቃል የተባለ ነገር አይበቃም።

ኮንትራቱን አንልክልሽም ካሉ ሌላ መንገድ አለ። ሰብጀክት አክሰስ ሪክዌስት ይባላል። ስለ አንቺ የያዙትን መረጃ ሁሉ፣ ኢሜይሉን፣ ማስታወሻውን፣ የተቀዳ ስልክ ካለም እሱን፣ በነፃ እንዲልኩልሽ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው።

ስለ ዕዳ ሰብሳቢዎቹ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንቅልፍሽን የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። እነዚህ ሰዎች ቤይሊፍ፣ ማለትም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረት የሚይዙ ሰዎች፣ አይደሉም። ቤትሽ ገብተው ዕቃ ማውጣት አይችሉም። በር ቢያንኳኩ አለመክፈት መብትሽ ነው። «7 ቀን» የሚለውም እነሱ ያወጡት ቀን ነው እንጂ የሕግ ቀን አይደለም።

የሕግ ቀን የሚጀምረው ሌላ ወረቀት ሲመጣ ነው። ድርጅት ግለሰብን በዕዳ ከመክሰሱ በፊት «ሌተር ኦፍ ክሌይም» መላክ አለበት። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ መልስ ለመስጠት 30 ቀን ይሰጥሻል፤ አብሮትም የመልስ ቅጽ ይመጣል። ሞልተሽ መልሺው። ከዚያም አልፎ የፍርድ ቤት ክስ ከመጣ ለመመለስ 14 ቀን አለሽ። ክሱ እንደደረሰሽ ካሳወቅሽና እከራከራለሁ ካልሽ ቀኑ ወደ 28 ይራዘማል። ይህን ያህል ትንሽ ገንዘብ በስሞል ክሌምስ፣ ማለትም በአነስተኛ ገንዘብ ክርክሮች መንገድ ነው የሚታየው። ከሜይ 2024 ወዲህ ደግሞ ከችሎቱ በፊት አንድ ሰዓት የሚወስድ ነፃ የስልክ ሽምግልና አለ። በሽምግልና ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚያው ላይ የሚያልቅ ጉዳይም አለ።

እውነተኛው አደጋ ክሱ ሳይሆን ክሱ ሳይደርስሽ መቅረቱ ነው። እኛ በክፍል ተጋርተን እንኖራለን፣ በየዓመቱ ቤት እንቀይራለን። ጂሙ ግን የሚያውቀው የተመዘገብንበትን አድራሻ ነው። የአንድ ወንድማችንን ጉዳይ አስታውሳለሁ። ከጂም የሚመጡ ደብዳቤዎችን ሳይከፍት ይጥል ነበር። ከዚያ ቤት ቀየረ። ክሱ ወደ ድሮው አድራሻ ሄደ፤ መልስ የሰጠ ስለሌለ ፍርድ ወጣ። ያወቀው ከዓመታት በኋላ ለቤት ብድር ሲያመለክት ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ሲሲጄ ይባላል። በአንድ ወር ውስጥ ከተከፈለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ካለፈ ግን ቢከፈልም ስድስት ዓመት ይቆያል። ያንን ፍርድ ለማስነሳት የከፈለው ክፍያ ጂሙ መጀመሪያ ከጠየቀው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ቤት ከቀየርሽ ለጂሙም ለዕዳ ሰብሳቢውም አዲሱን አድራሻ በኢሜይል አሳውቂ። እነሱን መደበቅ የሚጎዳው አንቺን ነው።

ክሬዲትሽን አሁኑኑ ማየት ትችያለሽ። የሰውን የክሬዲት ታሪክ የሚመዘግቡት ኤጀንሲዎች ኤክስፒሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን ፋይልሽን በነፃ ያሳዩሻል። ሦስቱንም እዪ፤ አንዱ ላይ ያለ ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። የጂም አባልነት በመሠረቱ ብድር አይደለም። የማይገባ ነገር ተመዝግቦ ካገኘሽ ለኤጀንሲው ተቃውሞ አቅርቢ፤ በ28 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጡሻል። ካላነሱልሽ እስከ 200 ቃል የሆነ የራስሽን ማብራሪያ ፋይሉ ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

የዜግነቱን ነገር ለብቻው ላንሳው። ለአንድ የግል ድርጅት ዕዳ ስላለብሽ ብቻ ዜግነት የሚሰጠው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሆም ኦፊስ፣ ዜግነት አይከለክልም። የሚያሳስባቸው ሆን ብሎ ዕዳ እያከማቸ ለመክፈል ምንም ያላሰበ ሰው ነው። ከታክስና ከኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ዕዳ ጋር የተያያዘውንም ጠበቅ አድርገው ያዩታል። ሺፍቷ ተቀንሶ አንድ ክፍያ ያመለጣት፣ በጽሑፍ ተከራክራ የሚገባውን የከፈለች ሴት ከእነዚህ ውስጥ አይደለችም። የማመልከቻው ቅጽ በፍርድ ቤት የተሰጠ የፍትሐ ብሔር ውሳኔ ካለ ይጠይቃል፤ ቢኖርም መደበቅ የለበትም። የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። የኢሜይሎቹን ቅጂ ከሌሎች ወረቀቶችሽ ጋር አስቀምጪ።

የጻፍኩልሽ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ የፍርድ ቤቱ መንገድና ቀኖቹ ይለያሉ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት ነፃ የሸማቾች ስልክ መስመር አለው፤ 0808 223 1133። ደብዳቤሽን ከመላክሽ በፊት ልታማክሪያቸው ትችያለሽ። ከጂሙ ሌላ ዕዳ ካለብሽ፣ ለምሳሌ የኪራይ ወይም የካውንስል ታክስ፣ መጀመሪያ እሱን አስቀድሚ። የጂም ዕዳ ከቤት አያስወጣም፤ የኪራይ ዕዳ ግን ያስወጣል።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። ለጂሙ ውሉን ማቋረጥ እንደምትፈልጊ ኢሜይል ላኪ፣ ለዕዳ ሰብሳቢው ደግሞ ከላይ ያለውን ጻፊ። ኮንትራቱ ሲመጣልሽ «ማቋረጥ» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።